ሁለት ወረዳ፣ አንድ አምቡላንስ፦ ጎረቤት ጤና ጽሕፈት ቤቶች አገልግሎት እንዴት ይጋሩ?

የካቲት 24 ቀን 2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በጉራጌ ዞን እኖር ኤነር ወረዳ በቢጫ ወባ የተጠረጠሩ ሦስት ሰዎች መገኘታቸውን አሳወቀ። ሦስቱም የአንድ ቤት ሰዎች ነበሩ። ናሙና እስከ ኢንቴቤ፣ ወደ ኡጋንዳ የቫይረስ ምርምር ተቋም ተልኮ በሽታው ተረጋገጠ። ሪፖርቱ በወጣ በአሥር ቀኑ፣ መጋቢት 4፣ የመጀመሪያው የኮቪድ 19 ታማሚ አዲስ አበባ ላይ ተገኘና የአገሩ ሁሉ ዓይን ወደዚያ ዞረ።

ቢጫ ወባን የምታስተላልፈው ኤደስ የምትባል ትንኝ ናት። በዚያው ወረዳ፣ ጉንችሬ አካባቢ ይህች ትንኝ የምትራባበትን ቦታ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የእንሰት ቅጠል ከግንዱ በሚገናኝበት ብብት ውስጥ የሚቋጠረው የዝናብ ውኃ ይበቃታል። እንሰቱ ደግሞ ከጓሮ ጓሮ፣ ከቀበሌ ቀበሌ፣ ከቸሃ እስከ እንደጋኝ፣ ከጉመር እስከ ጌታ እየተቀባበለ ይሄዳል። ወረዳ የት ላይ እንደሚያልቅ አጥርቶ የሚያውቀው የፋይናንስ ጽሕፈት ቤት ብቻ ነው።

የበሽታ ቅኝት መመሪያው ወዲያውኑ ሪፖርት የሚደረግ በሽታ ሲጠረጠር ከጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከጤና ጣቢያ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን እያለ በየእርከኑ በ30 ደቂቃ ውስጥ እንዲደርስ ያዛል። ጥሩ መመሪያ ነው። ነገር ግን ወሬው የሚጓዘው ወደ ላይ ነው። ከወንዙ ማዶ ያለችው ጎረቤት ቀበሌ፣ ወረዳዋ ሌላ ከሆነ፣ ነገሩን የምትሰማው ላይ የወጣው ተመልሶ ሲወርድ ነው። ሪፖርቱ የጎን መንገድ የለውም።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ የጎን መንገድ ነው። ሁለት ሦስት ጎረቤት ወረዳዎች አምቡላንስን፣ መድኃኒትን፣ የእናቶች ማቆያን፣ የበሽታ መረጃንና ባለሙያን እንዴት ሊጋሩ እንደሚችሉ ለጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች፣ ለጤና ጣቢያ ኃላፊዎችና ለሆስፒታል ሥራ አስኪያጆች ይነግራል። «ድር ቢያብር» ተብሎ የተከፈተ ስብሰባ ሁላችንም ተቀምጠናል፤ ድሩን ማን እንደሚገዛ ግን በቃለ ጉባኤው ላይ አይሰፍርም። መጋራቱ ድሮም አለ። ሹፌር ለሹፌር ይደዋወላል፣ ፋርማሲስት ከፋርማሲስት ይበዳደራል። የጎደለው ወረቀቱና የወጪ መደቡ ነው፤ ስለዚህ አንድ ሰው በተዛወረ ቁጥር ሁሉም ከዜሮ ይጀምራል።

ደረጃ 1፦ አሁን ያለውን መጋራት መዝግቡ

አዲስ ዕቅድ ከመንደፋችሁ በፊት ሰዎቹን ጠይቁ። የአምቡላንስ ሹፌሩን፦ ባለፈው ሦስት ወር ከወረዳው ውጭ የወጣኸው ለማን ነው? ማን ደወለልህ? ነዳጁንስ ከየት ቀዳህ? የፋርማሲ ባለሙያዋን፦ ኦክሲቶሲን ሲያልቅብሽ መጀመሪያ የምትደውዪው የት ነው? የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን፦ ከቀበሌያችሁ ሰዎች ወደ ሌላ ወረዳ ጤና ጣቢያ የሚሄዱት የየትኛው ጎጥ ነዋሪዎች ናቸው? ለምንስ? መልሱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ ይቀርባቸዋል፣ ወይም ገበያቸው እዚያ ነው።

ከዚያ ካርታ ሥሩ። ፍሊፕ ቻርት ላይ በማርከር የተሳለ ይበቃል። ቀበሌዎቹን አስቀምጡና ከእያንዳንዱ ቀበሌ በእግር ወይም በባጃጅ ቶሎ የሚደረስበት ጤና ጣቢያ የትኛው እንደሆነ በቀስት አሳዩ። ወረዳ የሚሻገሩት ቀስቶች የሥራችሁ መጀመሪያ ናቸው።

የአገሪቱ የጤና መስፈርት ራሱ ወረዳ መሻገርን ያስገድዳል። አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ከ15,000 እስከ 25,000 ሰው፣ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60,000 እስከ 100,000፣ አጠቃላይ ሆስፒታል ደግሞ ከ1 እስከ 1.5 ሚሊዮን ሕዝብ እንዲያገለግል ነው የታሰበው። የጉንችሬ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል እንግዲህ የአንድ አስተዳደር ብቻ ሊሆን አይችልም። አስተዳደሩ ደግሞ እየተሸነሸነ ነው፤ እኖር ለብቻው፣ እኖር ኤነር መገር ለብቻው ወረዳ ናቸው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ቡታጅራን መቀመጫው ያደረገ የምሥራቅ ጉራጌ ዞንም ወጣ። ትናንት በአንድ ዞን ውስጥ ከወረዳ ወረዳ ይሻገር የነበረ ታካሚ ዛሬ ቡታጅራ አጠቃላይ ሆስፒታል ለመድረስ ዞን ይሻገራል። ሕመሙ ያው ነው፤ የተለወጠው የደብዳቤው አድራሻ ነው።

ደረጃ 2፦ አንድ ነገር ብቻ ምረጡ

አሜሪካ፣ ካንሳስ ውስጥ የጎረቤት ጤና ጽሕፈት ቤቶችን መጋራት የሚያጠና ማዕከል አለ። መጋራትን በአራት እርከን ይከፍለዋል፦ በቃል መረዳዳት፣ አንድ የተወሰነ አገልግሎትን በስምምነት መጋራት፣ አንድን የሥራ ክፍል በጋራ ማቋቋም፣ መጨረሻ ላይ ፈጽሞ መዋሐድ። እኛ ያለነው አንደኛው ላይ ነው፤ የምንፈልገው ሁለተኛውን ነው። ከዚያ በላይ ያለው የምክር ቤት ጉዳይ ስለሆነ ለጊዜው ተዉት።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሞክሩ ከሆነ ጊዜው ሊያልፍ በተቃረበ መድኃኒት ጀምሩ። ወጪ የለውም፣ ሁለቱም ወገን ያተርፋል፣ ፎርሙም አለ። አምቡላንስን ሁለተኛ አድርጉት፤ ይበልጥ አስፈላጊ ቢሆንም ነዳጅ ስላለበት ጠብም አለበት። አምስቱን ባንድ ጊዜ የጀመረ ወረዳ በዓመቱ አምስት ያልተፈጸሙ ስምምነቶች ይኖሩታል።

መገናኛ መድረክም አዲስ አትፍጠሩ። የአገሪቱ ሆስፒታሎች ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሆስፒታሎች የጥራት ጥምረት በኩል በክላስተር ተደራጅተዋል፤ መሪ ሆስፒታሉ አባሎቹን እየሰበሰበ ልምድ ያለዋውጣል። ለጤና ጣቢያዎችም ተመሳሳይ ጥምረት አለ። የክላስተሩ ቀን ላይ አንድ ሰዓት ጠይቁ፤ የተለየ ስብሰባ ከጠራችሁ መጀመሪያ የሚነሣው የውሎ አበል ጉዳይ ነው።

ደረጃ 3፦ ከሁሉ በፊት ገንዘቡን ተነጋገሩ

አብዛኛው ስምምነት የሚፈርሰው እዚህ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ። ሰው ስለ ገንዘብ ማንሣት ይከብደዋል፤ በተለይ ጎረቤታሞች ሲሆኑ፣ በተለይ ደግሞ ኃላፊዎቹ አብረው የተማሩ ከሆነ። «እሱ ምን ችግር አለው» ተብሎ ይታለፋል። ሦስት ወር ቆይቶ አንደኛው ወረዳ ነዳጁ አልቆ የሁለተኛውን ስልክ ማንሣት ያቆማል።

ሦስት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው ዓይነት በዓይነት ነው፤ ገንዘብ ከቦታው አይነቃነቅም፣ በየሩብ ዓመቱ ማን ለማን ምን እንዳደረገ ይተሳሰባል። ሁለተኛው ወጪን በሥራ መጠን መካፈል ነው፤ በኪሎ ሜትር፣ በታካሚ ቁጥር፣ ወይም በናሙና ብዛት። ሦስተኛው እያንዳንዱ ወረዳ ከበጀቱ የተወሰነ መዋጮ መድቦ ወደ አንድ ሒሳብ ማስገባት ነው። ሦስተኛው ለጆሮ ደስ ይላል፤ ለመጀመሪያ ዓመት ግን አልመክረውም። ከአንድ ወረዳ ግምጃ ቤት ወደ ሌላ ወረዳ ገንዘብ ማሻገር ካቢኔና ምክር ቤት፣ የበጀት ኮድና የኦዲት ጥያቄ አለበት። በዓይነት ጀምሩ።

በዓይነት ሲሆን እንዴት ይሠራል? ለምሳሌ በሦስት ወር ውስጥ የአንደኛው ወረዳ አምቡላንስ ለሁለተኛው ታካሚዎች 640 ኪሎ ሜትር ሄዳለች እንበል። የሁለተኛው አምቡላንስ ደግሞ ለአንደኛው 410። ልዩነቱ 230 ኪሎ ሜትር ነው። መኪናዋ በአንድ ሊትር ናፍጣ 8 ኪሎ ሜትር የምትሄድ ከሆነ ሁለተኛው ወረዳ ወደ 29 ሊትር አለበት ማለት ነው። በሚቀጥለው ሩብ ዓመት የመጀመሪያዎቹን ጥሪዎች በራሱ ነዳጅ ይሸፍናል፤ ዕዳው ተዘጋ። ለዚህ የሚያስፈልገው የጉዞ መዝገብ ላይ አንድ ተጨማሪ ዓምድ ብቻ ነው፦ «ታካሚው የየትኛው ወረዳ ነው?»

የጤና ጣቢያዎችና የሆስፒታሎች የውስጥ ገቢ ሌላ በር ነው። ተቋሙ ከታካሚ የሚሰበስበውን ገቢ በሥራ አመራር ቦርዱ ውሳኔ ለአገልግሎት ማሻሻያ ሊጠቀምበት ይችላል፤ ስለዚህ የቦርድ ቃለ ጉባኤ ያዙ። ኦዲተሩ «በእኛ ነዳጅ የሌላ ወረዳ ሰው ለምን ታከመ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መልሱ ጥያቄው ከመምጣቱ በፊት ፋይል ውስጥ ይግባ።

በትውስት ስለሚሠራ ባለሙያም ሳይጻፍ አይቅር። ደመወዙን ዋናው መሥሪያ ቤቱ ይከፍላል፤ ውሎ አበሉን፣ የዱቲ ክፍያውንና መኝታውን የተቀበለው። የባዮሜዲካል ቴክኒሺያን በየወረዳው ስለማይገኝ፣ ካለበት ሆስፒታል በወር ሁለት ቀን እየወጣ የጎረቤት ጤና ጣቢያዎችን ማቀዝቀዣ፣ ኦክስጅን ኮንሰንትሬተርና አውቶክሌቭ ቢያይ ሳይሠሩ ቆመው አቧራ ከሚጠጡት ዕቃዎች ቢያንስ ጥቂቶቹ ይነሣሉ። ነገር ግን መለዋወጫውን የሚገዛው የዕቃው ባለቤት መሆኑን ጻፉ፤ ካልተጻፈ ባለሙያው ከራሱ ተቋም መጋዘን እያወጣ ይሠራል፣ በዓመቱ መጨረሻም ተጠያቂው እሱ ይሆናል።

ደረጃ 4፦ ሁለት ገጽ ጻፉ

የመግባቢያ ሰነድ ከሁለት ገጽ ከበለጠ ማንም አያነበውም። «የሁለቱን ሕዝቦች የቆየ ወንድማማችነት ከግምት ውስጥ በማስገባት» የሚለውን መግቢያ ቁረጡት። ማን፣ ምን፣ መቼ፣ በማን ወጪ፣ ሳይስማሙ ሲቀሩ ወደ ማን፤ ይኸው ነው። የአምቡላንሱ አንቀጽ ለምሳሌ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«የአንደኛው ወረዳ አምቡላንስ ስምሪት ላይ ከሆነች ወይም ከተበላሸች፣ በጎረቤት ወረዳ ያለችው ስትጠራ የታካሚው ቀበሌ ሳይጠየቅ ትንቀሳቀሳለች። ስምሪቱን የሚፈቅደው በዕለቱ ተረኛ የሆነው አስተባባሪ ብቻ ነው፤ የኃላፊ ፊርማ አይጠበቅም። ነዳጁ በኪሎ ሜትር ተመዝግቦ በሩብ ዓመቱ ይተሳሰባል። በጉዞ ላይ ጎማ ቢፈነዳ ወይም ግጭት ቢደርስ ወጪው የመኪናዋ ባለቤት ወረዳ ነው።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እንደፈለጋችሁ ልትለውጧት ትችላላችሁ። ከቶ እንዳትቀር እንጂ።

ሰነዱ ላይ የሰው ስም አይግባ፤ የሥራ መደብ ይግባ። ስልኩም የግል ሳይሆን የቢሮ ወይም የተረኛ ስልክ ይሁን። ኃላፊ ይቀየራል፤ አዲሱ ኃላፊ ያለፈውን ሰው ስም ያየበትን ወረቀት የራሱ አድርጎ ለመቀበል ይከብደዋል። ፈራሚዎቹ ሁለቱ ጤና ጽሕፈት ቤቶች ይሁኑ፤ ፋይናንስ ጽሕፈት ቤቶቹም ግልባጭ ሳይሆን ፊርማ ይኑራቸው። ለዞን ጤና መምሪያው ግልባጭ ይሂድ፤ ሁለት ዞን ከሆነ ለሁለቱም።

ስለ አለመግባባት አንድ ነገር ልጨምር። የሰባት ቤት ጉራጌ ሽማግሌዎች ከየቤቱ ወጥተው በየጆካ ሸንጎ ተቀምጠው በባሕላዊ ሕጋቸው፣ በቅጫ፣ ሲዳኙ ኖረዋል። ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው የሚሻገር ጉዳይን አብሮ ተቀምጦ መጨረስ ለዚህ አገር አዲስ ነገር አይደለም። ሽማግሌዎችን በፊርማው ቀን ምስክር አድርጎ መጥራት ለፎቶ አይደለም፤ ካቢኔ ሲለወጥ «ይህማ በእኛ ፊት የተባለ ነው» የሚል ሰው ይኖራችኋል።

ደረጃ 5፦ አምቡላንሷን አስነሡ

ሰነዱ ከተፈረመ በኋላ በመጀመሪያው ሳምንት ተረኞቹን አገናኙ። ስልክ ላይ የሚባለው ነገር አጭርና የተለመደ ይሁን። እንዲህ፦

«ጤና ይስጥልኝ ሲስተር፣ ከማዶ ጤና ጣቢያ ነው። የመጀመሪያ ልጇ ነው፣ ደም ግፊቷ 170 በ110፣ ከባድ ራስ ምታት አላት። የእኛ መኪና ወልቂጤ ናት።»

«እሺ፣ አሁን አስነሣለሁ። ማግኒዥየም ጀምራችኋል?»

«የመጀመሪያውን ዶዝ ሰጥተናል፣ ሰዓቱን ወረቀቱ ላይ ጽፈነዋል።»

«መንገዱስ?»

«ድልድዩ ጋ ጭቃ ነው። በቃሬዛ እስከ ጠጠሩ መንገድ እናወጣታለን፤ እዚያ አግኙን።»

ይህች የመጨረሻ መልስ በክረምት ሕይወት ናት። ድንበር ላይ ላሉ ቀበሌዎች መገናኛ ቦታን አስቀድማችሁ በስም ወስኑ፤ ድልድይ፣ ገበያ፣ ትምህርት ቤት፣ ሁለቱም ሹፌሮች በጨለማ የሚያውቁት ይሁን። እየደወሉ «የት ጋ ናችሁ?» ሲባባሉ የሚጠፋው ግማሽ ሰዓት የደም መፍሰስ ላለባት እናት ብዙ ነው።

መዝገቡ ላይ አራት ሰዓት ይጻፍ፦ የተደወለበት፣ መኪናዋ የተነሣችበት፣ ታካሚዋ ጋ የተደረሰበት፣ ሆስፒታል የተገባበት። አንደኛውና ሁለተኛው ከተራራቁ ችግሩ ፈቃድ ወይም ነዳጅ ነው፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ከተራራቁ መንገድ ነው። ሳይለዩ «አምቡላንስ ዘገየ» ብሎ መክሰስ ለማንም አይጠቅምም። ወደሚቀበለው ሆስፒታል የላይዘን ቢሮም ደውሉ፤ ታካሚዋ ስትደርስ ተረኛው ሐኪም እየጠበቃት ይሁን። የሪፈራል ወረቀቱ ግርጌ ላይ ያለው የግብረ መልስ ክፍል ተሞልቶ ወደ ላከው ጤና ጣቢያ እንዲመለስ የሰነዱ አንድ መስመር ይሁን። አዋላጇ የላከቻት እናት ምን እንደሆነች ካላወቀች በሚቀጥለው ጊዜ ምኑን ታሻሽላለች?

ደረጃ 6፦ መድኃኒት ስትለዋወጡ

እዚህ መመሪያው ሥራውን አቅልሎታል። በአገሪቱ የመድኃኒት አቅርቦት ሥርዓት አንድ ጤና ጣቢያ ቢበዛ የ4 ወር፣ ቢያንስ የ2 ወር ክምችት መያዝ አለበት፤ ክምችቱ ወደ ሁለት ሳምንት ሲወርድ አስቸኳይ ጥያቄ ያቀርባል። ስለዚህ በየሁለት ወሩ ሪፖርትና ጥያቄ በምታዘጋጁበት ቀን ሁለት ዝርዝር አውጡ፦ ከ4 ወር በላይ ያለንና ከ2 ወር በታች የወረደ። የጎረቤታችሁን ዝርዝር ጎን ለጎን አስቀምጡ። የአንዱ ትርፍ የሌላው ጉድለት ሲሆን ታያላችሁ።

የሰጠው ተቋም በሞዴል 22 ወጪ ያደርጋል፣ የተቀበለው በሞዴል 19 ገቢ ያደርጋል፣ ሁለቱም ቢን ካርዳቸው ላይ ይመዘግባሉ። በፌስታል ተጠቅልሎ በባጃጅ የተላከ መድኃኒት በቆጠራ ቀን ጉድለት ሆኖ ይመጣል። በነጻ የሚታደሉትን የፕሮግራም መድኃኒቶች ያለ ዋጋ መለዋወጥ ይቻላል፤ በተዘዋዋሪ ፈንድ የተገዙት ግን ወይ በዓይነት ይመለሱ ወይ ዋጋቸው ይጻፍ። ኦክሲቶሲንና ክትባት በበረዶ ሣጥን ካልሆነ አይጓዙ፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው ቦታቸው። ፔቲዲንና የመሳሰሉትን ልዩ ቁጥጥር ያለባቸውን ከዚህ ልውውጥ ጨርሶ አውጡ።

ደረጃ 7፦ ወሬውን ወደ ጎንም አድርሱ

አሁን ወደ ቢጫ ወባው እንመለስ። ይህ በሽታ በአገራችን እንግዳ አይደለም። ከ1960 እስከ 1962 እ.ኤ.አ. በኦሞ ተፋሰስና በደቡብ ምዕራብ ባደረሰው ወረርሽኝ ወደ 30,000 ሰው እንደሞተ ይገመታል። ከብዙ ዘመን ዝምታ በኋላ በደቡብ ኦሞ፣ ከዚያ በ2018 እ.ኤ.አ. በወላይታ ኦፋ ወረዳ፣ ቀጥሎ ጉራጌ ላይ ብቅ አለ። ኤደስ በቀን ስለምትናደፍ የሌሊት አጎበር ብቻውን አያድንም፤ አንድ ጊዜ የሚሰጠው ክትባት ግን ዕድሜ ልክ ይከላከላል። በ2012 ዓ.ም. ክትባቱ በመደበኛው የሕፃናት ክትባት ውስጥ ስላልነበረ መድረሻው ዘመቻ ብቻ ነበር። ለዘመቻ ደግሞ ጎረቤት ቀበሌ ውስጥ ማን ትኩሳትና ቢጫነት እንዳለበት ማወቅ ይቀድማል።

የምትሠሩት ይህ ነው። የድንበር ቀበሌዎችን ዝርዝር አውጡ፤ ለእያንዳንዷ ቀበሌ በዚህ ወገን ያለችውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛና በዚያ ወገን ያለችውን አገናኙ። ወዲያውኑ ሪፖርት የሚደረግ በሽታ ሲጠረጠር ወደ ላይ በተደወለበት ያው ግማሽ ሰዓት ውስጥ የወረዳው የቅኝት ባለሙያ ወደ ጎረቤት አቻው ይደውል። የሚነገረው አራት ነገር ነው፦ ቀበሌው፣ ሕመሙ የጀመረበት ቀን፣ ዋናዎቹ ምልክቶች፣ ታማሚው ባለፉት ሁለት ሳምንታት የሄደበት ገበያ ወይም ለቅሶ። ስሙ በቴሌግራም ግሩፕ አይለጠፍ። ዛሬ «ጥርጣሬ» የተባለው ነገ ነጻ ሆኖ ቢገኝም ቤተሰቡ በገበያ ሲጠቆምበት ይኖራል። ከዚያ በኋላ ደግሞ ሰው ሕመሙን መደበቅ ይጀምራል።

የክትባት ዘመቻ ሲመጣ የድንበር ቀበሌዎችን በአንድ ቀን አድርጉ። የቢጫ ወባ ክትባት ብልቃጥ ከተበጠበጠ በኋላ ከ6 ሰዓት በላይ አይቆይም፤ የተረፈው ይጣላል። ሁለት ወረዳ የሚገናኝበት ገበያ ላይ፣ በገበያ ቀን፣ አንድ የጋራ ጣቢያ ብትከፍቱ የሚጣለው ይቀንሳል። «ይህ የእናንተ ሰው ነው» ተብሎ የሚመለስም አይኖርም። የተከተበውን ሰው በሚኖርበት ወረዳ መዝገብ ላይ ለይታችሁ ጻፉ፤ አለበለዚያ የአንዱ ሽፋን ከመቶ በላይ፣ የሌላው ከግማሽ በታች ሆኖ ይወጣል።

ደረጃ 8፦ የእናቶች ማቆያና የጤና መድን

ለመጋራት ከሚመቹት ሁሉ በዚህ አካባቢ ረጅም ታሪክ ያለው የእናቶች ማቆያ ነው። በቸሃ የሚገኘውን አጣጥ ሆስፒታልን የካቶሊክ እህቶች በ1969 እ.ኤ.አ. ጀመሩት፤ በኋላ ደግሞ ቤታቸው ሩቅ የሆነና አደጋ የሚጠረጠርባቸው ነፍሰ ጡሮች ምጥ እስኪመጣ የሚቀመጡበት ማቆያ ከፈቱ። ከ1987 እስከ 2008 እ.ኤ.አ. ያለውን መዝገብ ያጠኑ ሐኪሞች እንዳሳተሙት፣ በማቆያው በኩል ከገቡት እናቶች ከ100,000 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት አንጻር የሞቱት 90 ገደማ ሲሆኑ፣ በቀጥታ ከቤታቸው ከመጡት ግን ከ1,300 በላይ ነበሩ። ሞተው የተወለዱ ሕፃናትም ከ1,000 ወሊድ በማቆያው በኩል ከገቡት ወደ 18፣ በቀጥታ ከመጡት ወደ 191 ነበሩ። ቁጥሩን እንዳለ አትዋጡት፤ በቀጥታ ከመጡት ብዙዎቹ ምጥ ጠንቶባቸው፣ ተጎድተው የደረሱ ናቸው። ቢሆንም ልዩነቱ ዝም የሚባል አይደለም።

ማቆያን የሚዘጋው የሕንፃ ጉድለት አይደለም፤ ምግብ ነው። ከሌላ ወረዳ የመጣች እናት የምትበላው ከአስተናጋጁ ወረዳ ጎተራ ከሆነ በአራተኛው ወር ላይ ጉርምርምታ ይነሣል። ላኪው ወረዳ በየሩብ ዓመቱ እህል፣ ቆጮና የማገዶ ገንዘብ እንዲያዋጣ፣ የሴቶች ልማት ቡድኖችም እንዲያስተባብሩት በሰነዱ ላይ መጠኑን ጻፉ። አብሯት የምትመጣ አስታማሚ አንድ ብቻ ትሁን። ቤት ያሉት ልጆቿ ማን ጋ እንደሚቆዩ ደግሞ ከመምጣቷ በፊት ከባለቤቷ ጋር ተነጋገሩ፤ ብዙ እናት ጥላ የምትሄደው በዚህ ነው።

የጤና መድኑ ጉዳይ አጭር ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር ቋቱ የወረዳ ነበር፤ የእናንተም አሁን የወረዳ ከሆነ፣ አባሉ ወረዳ ተሻግሮ እንዲታከም ወረዳው ከተቋሙ ጋር ውል ሊኖረው ይገባል። የድንበር ቀበሌዎቻችሁ የሚሄዱባቸው ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ሁሉ በውሉ ዝርዝር ውስጥ መኖራቸውን ከሰኔ በፊት አረጋግጡ። ክፍያ ሲዘገይ ተቋሙ መድኃኒት መግዣ ያጣል፤ ከዚያ ባለመድኑን «መድኃኒት የለም፣ ከውጭ ግዛ» ማለት ይጀምራል። የሩብ ዓመቱን የነዳጅ መተሳሰቢያ ስትሠሩ የመድኑን ያልተከፈለ ሒሳብም በዚያው ጠረጴዛ ላይ አንሡት።

ደረጃ 9፦ ጊዜውን ምረጡ፣ መውጫውንም ጻፉ

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ንግግሩን የካቲት ላይ ካልጀመራችሁ በበጀት ጥያቄው ውስጥ አይገባም። ሰኔ ላይ መፈራረም ይቻላል፣ ማስፈጸም ግን አይቻልም። የመጀመሪያው ፈተናችሁ መስቀል ነው። ያን ሰሞን የጉራጌ ልጅ ከአዲስ አበባም ከሌላውም ወደ ቤቱ ይገባል፤ መንገዱ በመኪና ይሞላል፣ አደጋውም ይጨምራል፣ ባለሙያው ደግሞ እሱም የሰው ልጅ ነውና ፈቃድ ይጠይቃል። ነሐሴ ላይ ሁለቱ ወረዳዎች የመስቀል ሳምንትን የተረኛ ዝርዝር አንድ ላይ ያውጡ፤ የአንዱ አዋላጅ ስትወጣ የሌላው ትግባ። ከከተማ የሚመጡት ነጋዴዎች ለተወለዱበት አገር መስጠት ልማዳቸው ነው። ግን «ለጤናው ዘርፍ ድጋፍ» ብላችሁ አትጠይቋቸው፤ ለሁለቱ ወረዳ የሚያገለግል አንድ የክትባት ማቀዝቀዣ፣ ወይም ለማቆያው ሃያ ፍራሽ ብላችሁ ጠይቁ።

የመጀመሪያውን ግምገማ ጥቅምት ላይ አድርጉት። ሹፌሮቹ፣ አዋላጆቹና የፋርማሲ ባለሙያዎቹ ይቀመጡ፤ ኃላፊዎቹ የመጨረሻውን ሰዓት ብቻ ይግቡ። መዝገቡን ዘርግታችሁ ያልተነሣ ስልክ፣ ያልተመለሰ መድኃኒት፣ ያልተሞላ ግብረ መልስ ፈልጉ። ያልሠራውን አንቀጽ እዚያው አውጡት።

መውጫም ይኑረው። አንደኛው ወገን መቀጠል ካልፈለገ የሁለት ወር ማስታወቂያ በደብዳቤ ይሰጣል፤ በዚያ ሁለት ወር ውስጥ የተጀመረ ሕክምናና ማቆያ የገባች እናት አይቋረጡም፤ በትውስት ያሉ ባለሙያዎች ይመለሳሉ፣ የነዳጁ ሒሳብ ይዘጋል። በጋራ የተገዛውን ማቀዝቀዣ ማን እንደሚወስደው ደግሞ ከመግዛታችሁ በፊት ጻፉት።